በምራቴ ስም የወጣው ካርድ

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሴት ነኝ። ሞርሲቶ ተወለድኩ፣ ጃጁራ ተዳርኩ፣ ትልቋ ልጄ ቦኖሻ አግብታ ትኖራለች፤ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ሆሳዕና ከወንድ ልጄና ከምራቴ ጋር ነኝ። አንዱ ጋ ስሆን ሌላው ይናፍቀኛል። ቦኖሻ ሄጄ ከልጄ ጋር በርበሬ ለቅሜ፣ ሳልሰነብት ደግሞ ጃጁራ ገበያ የድሮ ጎረቤቶቼን ፍለጋ እነሳለሁ። ልጄ "እናቴ እዚህ ቤት የምትመጣው ልብስ ለመቀየር ነው" እያለ ይስቅብኛል። ፊደል የቆጠርኩትም ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እሱንም ቢሆን ግማሹን ቀን መንገድ ላይ ስለነበርኩ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ ነበር የጨረስኩት።

ስለዚህ ተዘግቼ የተቀመጥኩበትን ጊዜ መጻፍ ይከብደኛል። ቢሆንም ልሞክር። ከእብጠቱ ልጀምር።

ገላዬን ስታጠብ ነው ያገኘሁት። በግራ ጡቴ፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ፣ ሽንብራ የምታህል ነገር ጣቴ ሥር ተንከባለለች። አታምም። በዚያ ሰሞን የሚያመኝ ጉልበቴ ነበር፤ እኔም የማስበው ስለ ጉልበቴ ነው። የማያምም ነገር በሽታ አይመስልም። ግን ከረመች፤ ባቄላ አከለች። ለማንም ሳልናገር በልቤ ይዣት ዞርኩ፤ ቦኖሻም ሄድኩባት፣ ሞርሲቶም ሄድኩባት።

ከዚያ በቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ጉባኤ ሆነ። ከሌላ ከተማ የመጣ አገልጋይ ነበር የሚሰብከው። ሰው ከአዳራሹ አልፎ ውጭ ድንኳን ሥር ተቀምጧል። በመጨረሻ "ሕመም ያለበት ሰው አንድ እጁን ሕመሙ ላይ ያድርግ፣ ሌላውን ወደ ሰማይ ያንሳ" አለ። እኔም ቀኝ እጄን እብጠቷ ላይ አደረግኩ፣ ግራ እጄን እስከሚቻለኝ ድረስ ወደ ላይ ዘረጋሁ። ጸለየ፤ ጸለይን። ላቤ እስኪወርድ ጸለይኩ። "አሁን ፈልጉት!" አለ። ፈለግኳት። የለችም። በጣቴ ከላይ እስከ ታች ዳበስኩ፤ የለችም።

"የለም እኮ!" ብዬ ጮህኩ መሰለኝ። አጠገቤ የነበረችው ሴት "ምኑ ነው የሌለው እማማ?" አለችኝ፤ መልሴን ሳልጨርስ ክንዴን ይዛ ወደ መድረክ ወሰደችኝ። ማይክ ያዝኩ። በሕይወቴ ማይክ ይዤ አላውቅም፤ ድምፄ ከኋለኛው ግድግዳ ተመልሶ መጣብኝ። "እብጠት ነበረኝ፤ አሁን የለም፤ ጌታ ፈወሰኝ" አልኩ። እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። መዘምራኑ ከኋላዬ እያለቀሱ ነበር። እኔም አለቀስኩ። ስልክ የያዘው ሁሉ ይቀርጸኝ ነበር። በማግስቱ ደቡብ አፍሪካ ያለው ትንሹ ልጄ ደውሎ "እማዬ አየሁሽ! እዚህ ያሉት የሀገር ልጆች በሙሉ አዩሽ!" እያለ አብሮኝ አለቀሰ።

አራት ቀን ቆይቼ ገላዬን ስታጠብ እብጠቷ እዚያው ነበረች።

መጀመሪያ ሌላ መሰለችኝ። ከዚያ ሳሙናውን ለመውሰድ ግራ እጄን ወደ መደርደሪያው ሳነሳ ጣቴ ሥር ሸሸች። አወረድኩ፤ መጣች። አነሳሁ፤ ጠፋች። እጅ ሲነሳ ጡት አብሮ ይሳባል፤ እሷም ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ እዚያ ቆሜ እጄን ሳነሳና ሳወርድ ቆየሁ።

መድረክ ላይ የተናገርኩት ውሸት አልነበረም። ይህን ዛሬም እላለሁ። የነካሁትን ነው የተናገርኩት። ውሸቴ የጀመረው ከመታጠቢያው ስወጣ ነው፤ ምራቴ "እማዬ፣ ውሃው ሞቀልዎ?" ስትለኝ፣ "ሞቀልኝ፣ ደህና ነኝ" ያልኳት ጊዜ።

ከዚያ ወዲያ የምሄድበት ጠፋ። ከበር ስወጣ ጎረቤቱ፣ ባለሱቋ፣ ባለ ባጃጁ ሁሉ "እማማ፣ ጌታ እንደፈወሰዎት ሰማን!" ይለኛል። "ይመስገን" እላለሁ። ምን ልበል? አንዱን "ይመስገን" ባልኩ ቁጥር አንድ የአጥር እንጨት በዙሪያዬ የተተከለ ያህል ይሰማኝ ነበር። የጃጁራ አማኞች መጥተው እንድመሰክርላቸው ጠሩኝ። ሞርሲቶ የእህቴ ልጅ "አክስቴን ካላመጣሁ" ብላ መኪና ልትይዝ ነበር። ዓይኑ የጠፋበትን ሽማግሌ ቤታችን ድረስ አምጥተው እጄን እንድጭንበት ለመኑኝ፤ ጫንኩበት፤ አመስግኖኝ ሄደ፤ የሄደው ግን እየተመራ ነው።

በጉልበቴ አሳብቤ ቤት ዋልኩ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። መስኮቴ ላይ የሚታየው ጓሮ ያለው እንሰትና የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ነው። የእንሰቱን ቅጠሎች አንድ በአንድ አወቅኳቸው፤ የትኛው እንደሚቀደድ፣ የትኛው ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ እንደሚያጎነብስ። ልጄ ከሥራ ሲመጣ "አሁንም ቤት ነሽ? አመመሽ እንዴ?" ይለኛል፤ እኔም "እርጅና ነው" እለዋለሁ። ሐኪም ቤት ብሄድ ያ ሁሉ እልልታ ወዴት ይሄዳል? ጌታን በሰው ፊት አሳፈርኩት ማለት ነው ብዬ አስብ ነበር። ባልሄድ ደግሞ እሷ ባቄላ መሆኗ ቀርቶ የዶሮ እንቁላል አክላለች። ቆዳዬም መቅላት ጀምሯል። ጸሎት ስጀምር ምን ብዬ እንደምለምን ግራ ይገባኝ ነበር። "ፈውሰኝ" እንዳልል፣ ፈወሰኝ ብዬ ተናግሬያለሁ።

ምራቴ የዱራሜ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ካቶሊኮች ናቸው፤ ልጄን ስታገባ ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመረች። አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ትሠራለች፤ ወረቀት ስለምታገላብጥ ይሆናል፣ የተዛነፈ ነገር ዓይኗ ቶሎ ያያል። አንድ ቅዳሜ ልብስ ልታጥብ ስትሰበስብ ቆይታ ክፍሌ ገባች።

"እማዬ፣ የውስጥ ልብስዎን ራስዎ ማጠብ የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው?"

"እጅ አለኝ እኮ ልጄ።"

"እጅስ አለዎት። አልጋ ሥር ልብስ የሚያሰጣ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።"

እድፉን አይታዋለች፤ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ቢጫ ነገር ነበር፤ በምን ቢታጠብ አይለቅም። አልጠየቀችኝም። ከሳምንት በኋላ ግን ፊቷን አሳምራ፣ "ሰኞ ፈቃድ ወስጃለሁ። ዱራሜ እናቴን ጠይቀን እንምጣ፤ አብረን አንሄድም?" አለችኝ።

"እንሄዳለን!" አልኩ። ጉልበቴን ያስታወስኩት ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ሰኞ ጠዋት ባጃጅ ያዝን። መናኸሪያው መገንጠያ ላይ ስንደርስ ባጃጁ ቀጥ ብሎ ሄደ።

"ልጄ፣ መናኸሪያው አለፈን።"

"አላለፈንም እማዬ።"

ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመ።

"ዱራሜ እንዲህ ቀረበች?" አልኳት።

"ይውረዱ።"

"አልወርድም።"

"ካልወረዱ እኔም አልወርድም። እዚሁ እንኖራለን። ምሳ ያመጡልናል።"

ባለ ባጃጁ ዞር ብሎ፣ "ምሳ ከመጣማ እኔም ሞተሬን ላጥፋ" አለ። ሳቅሁ። ሲስቁ ደግሞ እልህ ይላላል፤ ወረድኩ። የፈራሁት ግን መርፌውን አይደለም፣ የሰው ዓይን ነው።

የፈራሁትም ካርድ መስኮቱ ላይ ጠበቀኝ። ካርድ የምታወጣው ልጅ ከመዘምራኑ አንዷ ናት፤ ያን ቀን መድረክ ላይ ከኋላዬ ቆማ ስታለቅስ የነበረች። "እማማ! ምነው እዚህ? ደህና አይደሉም እንዴ?" አለች፤ ከመስኮቱ ልትወጣ ደረሰች።

"እኔማ ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን" አልኩ። ከዚያ እጄ በራሱ ተነሣና ምራቴን አሳየ። "እሷን ላሳክማት ነው።"

ምራቴ ዞር ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት አልረሳውም። ቁጣ አልነበረውም። አንድ ሰው ከባድ ሸክም ሊቀበል ሲል ወገቡን እንደሚያስተካክል ነው ያስተካከለችው። ልጅቷ "ስም?" አለች። ምራቴ የራሷን ስም ተናገረች። ዕድሜዋን ተናገረች። "ምንሽን ነው የሚያምሽ?"

"ጡቴን" አለች ምራቴ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ካርዱን አየች፣ እኛን አየች። "ሠላሳ አራት ዓመት ይላል። ማንኛችሁ ናችሁ?"

"ካርዱ የእኔ ነው፣ ጡቱ የእሳቸው" አለች ምራቴ።

ሐኪሟ ልትስቅ ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው። ካርዱን ሰርዛ በእኔ ስም ሌላ እንዲወጣ ጻፈች፤ እሱን አንዲት ነርስ በሌላ መስኮት አስወጣችልን። "በሰው ካርድ የታከመ ሰው ውጤቱም በሰው ስም ይመጣል፤ እንዲህ አይደረግም" ብላ ተቆጣችን። ከዚያ ዳሰሰችኝ። "እጅዎን ያንሱ" አለችኝ።

"ሳነሳው ትሸሻለች" አልኳት።

ጣቷ ቆመ። "አውቀዋታል ማለት ነው። ከመቼ ጀምሮ?"

ፊቴን ወደ ጣሪያው አዞርኩ። በመርፌ ናሙና ወሰዱና ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት እንድንጠብቅ ነገሩን። ማታ ምራቴ ለልጄ ነገረችው። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ "ውጤቱ እስኪታወቅ ዝም እንበል" አለ። ሁላችንም የምንችለው ነገር እሱ ብቻ ስለነበር ተስማማን።

ካርዱ ግን ቢሰረዝም ወሬው አልተሰረዘም። የካርዷ ልጅ ለክፋት አይደለም፤ "ጸልዩላት" ብላ ለአንዷ ነገረች፤ እሷም ለሌላዋ። በሦስተኛው ቀን የሴቶች ኅብረት ወተትና ብርቱካን ይዞ ቤታችን መጣ። ምራቴ ከሥራ ገና መግባቷ ነበር፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋ ላይ አስቀመጧት። ያዩዋታል፣ ይተያያሉ፣ ያቃስታሉ። አንዷ "ከሳሽ እኮ!" አለቻት። ሌላዋ የልጅ ልጆቼን አቅፋ ታለቅሳለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"እማማ፣ እርስዎ የተፈወሱ ነዎት። እጅዎን ይጫኑባት።"

ጫንኩባት። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ጮክ ብሎ ይጸልያል። እኔ እጄን ጭንቅላቷ ላይ እንዳደረግኩ፣ በልብሴ ውስጥ ያቺ ነገር ክንዴን ትነካኛለች። ምራቴ ጎንበስ እንዳለች በሹክሹክታ "እማዬ፣ እጅዎ ከበደኝ" አለችኝ። ላነሳው አልቻልኩም፤ ሰዎቹ ገና አሜን አላሉም ነበር።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ቢሮዋ "አትድከሚ" እያሉ መዝገቧን ለሌላ ሰው መስጠት ጀመሩ። ሠላም የሚላት ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንድ ጠዋት ስትስቅ ሰምታ ጎረቤታችን "አይዞሽ፣ እንዲህ በርቺ" አለቻት፤ ከዚያ ወዲህ ውጭ መሳቅ ተወች። "ንገሪያቸው፤ የእሳቸው ነው በይ" ብላት፣ "እማዬ፣ እርስዎ ሲነግሩ ነው እንጂ እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?" አለችኝ። እውነቷን ነበር። እኛ ሀገር የታመመ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ይደብቃል። ለታማሚውም አይነገረውም፣ ታማሚውም ለቤተሰቡ አይናገርም። "እኔ አይደለሁም" ያለ ሰው፣ እሱ ነው ማለት ነው።

ወሬው ዱራሜ ደረሰ። እናቷ በጠዋት መኪና መጣች። ረጅም፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት፤ አንገቷ ላይ መቁጠሪያ አለ። ቋንቋችን ለየቅል ስለሆነ፣ እሷ ከምባትኛዋን እኔ ሀዲይኛዬን ትተን በአማርኛ "እርስዎ" እየተባባልን ነበር የምንግባባው፤ ለዓመታት ይኸው ነበር፤ አክብሮት አለ፣ ቅርበት ግን የለም። ገብታ ልጇን ግንባሯን ነካቻት፤ አልጮኸችም። "እማ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ እውነቴን ነው" አለቻት ልጇ።

"አባትሽም እንዲህ ነበር ያለኝ" አለች እናቷ።

ሦስት ቀን ከልጇ አልጋ ሥር ፍራሽ አንጥፋ ተኛች። አትበላም። ልጇ ወደ ሥራ ስትሄድ እስከ በር ትሸኛታለች፣ እስክትመለስ በሩ ላይ ትቀመጣለች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት እኔና እሷ ብቻ ቀረን። ድንገት መቁጠሪያዋን ከአንገቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"እርስዎ ተፈውሰዋል ይላሉ። ቪዲዮውን እኔም አይቻለሁ። ምን አድርገው ነው? እኔ የተወለድኩበትን ጸሎት ነው የምጸልየው። እሱ ካልሆነ ልተወው። እናንተ ጋ ልምጣ። ልጄ ትትረፍልኝ እንጂ የምትሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ።"

መቁጠሪያው ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። እንጨቱ በጣት ብዛት ለስልሷል። ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደያዘችው አላውቅም፤ በልጆቻችን ሠርግ ላይም አንገቷ ላይ ነበር። በእኔ ዝምታ የተነሣ ይህች ሴት እምነቷን ከአንገቷ አውልቃ በፊቴ አስቀመጠችልኝ። ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

እጇን ያዝኩና ክፍሌ አስገባኋት። ቀሚሴን ከፈትኩ። እጇን ወስጄ እብጠቷ ላይ አደረግኩት።

"ይኸውልዎት" አልኩ። "የልጅዎ አይደለም። የእኔ ነው። ልጅዎ ስለ እኔ ነው የታመመችው።"

እጇን ወዲያው አላነሳችም። ዳሰሰችው፤ ልክ እንደ ሐኪሟ። ከዚያ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። በከምባትኛ የተናገረችውን ግማሹን ሰማሁት፣ ግማሹን ባልሰማሁት ይሻለኛል። በአማርኛ ደግሞ እንዲህ አለችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ "አንቺ" ያለችኝም ያኔ ነው፦

"ሦስት ቀን ልጄን በልቤ ቀብሬያታለሁ። ሦስት ቀን! አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ እያየሽኝ! ልብ የለሽም?"

"አለኝ" አልኩ። "ስለፈራ ነው።"

"ማንን ፈርተሽ?"

"ሰውን። ጌታንም። እንጃ።"

ቁጭ አለችና፣ "ውጤቱ መቼ ነው?" አለች።

ውጤቱ በዚያው ሳምንት መጣ። ሐኪሟ ምራቴን ለብቻዋ ልትጠራት ስትል፣ "ልጄ፣ እዚሁ ንገሪኝ። የማላውቀው ነገር አይደለም" አልኳት። ካንሰር ነው አለችኝ። ቃሉን በደንብ ነው የተናገረችው፣ አላድበሰበሰችም። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፣ ከዚያ በኋላ ኬሞ፣ ሁለቱም ሐዋሳ ነው፤ ዘግይተዋል፣ ግን አልመሸም አለች። ስንወጣ "ማን ይዟት ይሄዳል?" ብለው ልጄና ምራቴ ሲነጋገሩ፣ የምራቴ እናት "እኔ ነኝ የምሄድ" አለች። ልጇ "እማ፣ ተቆጥተሽባቸው አይደል?" ብትላት፣ "ተቆጥቻለሁ። መንገድ ላይም እቆጣታለሁ" አለች።

እውነትም ተቆጣችኝ። ሀላባ እስክንደርስ ድረስ ስለዚያች ሦስት ቀን አንድ በአንድ ነገረችኝ። እኔ ገና ለመናገር ስላልደፈርኩ፣ ለሰው የነገርነው ቦኖሻ ልጄ ጋ እንደሄድኩ ነው። ማንም አልጠረጠረም፤ እኔ መሄዴ ማንንም የማይገርም ሴት ነኝ። መኪናው ቦኖሻን ሲያልፍ የልጄን ቤት መገንጠያ አየሁት፤ መኪና ውስጥ ሆኜ ቤተሰቤ ጋ ሳልወርድ ያለፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጡቴን ቆረጡት። ስነቃ ደረቴ በፋሻ ተጠምጥሟል፤ የራሴ አልመሰለኝም። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሴቶች ነበርን። ከሁላችንም ጠንካራዋ ከሀላባ የመጣች፣ ከታከመች ሁለተኛ ዓመቷን የያዘችና ለክትትል የገባች ሴት ናት። እሷ ናት እጃችን እንዳይደርቅ ያስተማረችን። ግድግዳው ፊት አቁማን ጣቶቻችንን እንደ ጉንዳን ወደ ላይ ታስሄደናለች። "ውጡ፣ ውጡ! ትናንት እዚህ ነበርሽ፣ ዛሬ ምነው ወረድሽ? ተራራው በዛብሽ?" ትላለች። እየጮህን እንስቃለን፣ እየሳቅን ያመናል። ፀጉሬ ኬሞው ላይ ሲረግፍ የምራቴ እናት የራሷን ሻሽ አወለቀችና አሰረችልኝ፤ "አሁንም ተቆጥቻለሁ" አለችኝ እያሰረች።

በሦስተኛው ዙር ኬሞ አንዲት ልጅ ጥያቄ ልትጠይቀን መጣች። ስለ በሽታው የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው፤ ታብሌት ይዛለች። መልስ ካልፈለግን መተው እንደምንችል ነገረችን። "እብጠቱን ካወቁ በኋላ ሐኪም ቤት እስኪሄዱ ምን ያህል ቆዩ?" አለችኝ። ነገርኳት። "ለምን ዘገዩ?" አለችና ምርጫዎቹን አነበበችልኝ፦ ርቀት፣ ገንዘብ፣ አለማወቅ፣ የባህል መድኃኒት፣ ፍርሃት። "የትኛው ነው?"

"የለበትም።"

"'ሌላ' የሚል አለ። ይንገሩኝ፣ እጽፈዋለሁ።"

ነገርኳት። ሁሉንም፤ እጄን ማንሳቴን፣ ማይኩን፣ ካርዱን፣ መቁጠሪያውን። ጣቷ ሊጽፍ ሄዶ ሄዶ ደከመው። ስጨርስ ታብሌቷን አስቀመጠችና፣ "ያን ቀን ማይክ ላይ የሰሙዎት ሰዎች ይህንን ያውቃሉ?" አለችኝ። ይህ ከወረቀቷ ላይ ያለ ጥያቄ አልነበረም። አያውቁም አልኳት።

ሆሳዕና የተመለስኩት ቅዳሜ ነው። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ ሻሼን ዝቅ አድርጌ ከኋላ ተቀመጥኩ። ዝማሬው አልቆ ወንጌላዊው ማይክ ያዘ። "ያች እህታችን በጡት በሽታ መታመሟን ታውቃላችሁ። ይህ ጉባኤ ስንት ወር ጸለየላት! ዛሬ እንዴት እንዳማረባት እዩ! መጥታ ጌታ ያደረገላትን ትናገር" አለ። ምራቴን ነው። እውነትም አምሮባት ነበር፤ ታማ አታውቅማ። ሴቶቹ በሁለት በኩል ክንዷን ይዘው አነሷት። እልልታው ጀመረ። ወደ መድረኩ ስትሄድ አንዴ ዞር ብላ አየችኝ።

ማይኩን ሰጧት። ያዘችው። አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ሰው በደስታ ነው ብሎ ጠበቃት። እኔ ግን አወቅኩት፤ እኔ ገብቼበት የነበረው ቤት ነው፣ አሁን በሩን ለእሷ ሊዘጉባት ነው። ዝም ብትል ታማ ድና ትኖራለች፤ ብትናገር አማቷን በሰው ፊት ውሸታም ታደርጋለች።

ተነሣሁ። ከኋለኛው ወንበር እስከ መድረኩ ሩቅ ነው። እግሬ ብዙ መንገድ ያውቃል፤ እንደዚያ የረዘመበት ግን የለም። ወንጌላዊው ሲያየኝ ፈገግ ብሎ "እማማም ምስክርነት አላቸው!" አለ።

"አለኝ" አልኩ። ማይኩን ከምራቴ እጅ ወሰድኩ። "የቀድሞውን ላስተካክል ነው።"

ወደ ሰዉ ዞርኩ።

"እሷ ታማ አታውቅም። የታመምኩት እኔ ነኝ። እዚህ ቆሜ 'የለም' ያልኳችሁ እጄን አንስቼ ስለነበር ነው። ከአራት ቀን በኋላ አገኘኋት። ለማናችሁም አልነገርኩም። ጌታ አልዋሸም፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ጡቴን ቆርጠውታል። መድኃኒት ላይ ነኝ። መዳኔን አላውቅም፤ ዛሬ ድኛለሁ አልልም። ያበጠባችሁ ሴቶች ካላችሁ ግን ጸልዩም፣ ሐኪም ቤትም ሂዱ። እንደ እኔ አትቀመጡ።"

እልልታ አልነበረም። አሜን ያለም የለም። ወንጌላዊው ማይኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ መለሰው፣ ከዚያ "እንጸልይ" ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ምን ብሎ እንደጸለየ አልሰማሁም። ምራቴ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ያኛውን፣ የሚያመኝን፤ ግን ዝም አልኩ፣ እንዳትለቀኝ ብዬ።

ስንወጣ አንዳንዱ ሠላም አለን፣ አንዳንዱ መሬት መሬት አየ። አንዷ ከሩቅ "ያን ያህል ሰው ፊት መስክራ እንዲህ ታዋርደን?" ስትል ሰማሁ። ልክ ናት ማለት አልችልም፣ ልክ አይደለችም ማለትም አልችልም። የካርዷ ልጅ ግን ሮጣ መጥታ አቀፈችኝና አለቀሰች። በእግራችን ወደ ቤት ጀመርን። ጭቃ ነበር፤ ምራቴ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ መሳቅ ጀመረች፤ ውጭ፣ መንገድ ላይ፣ ጮክ ብላ።

"እማዬ፣ ስንት ወር ሙሉ ታመምኩልዎ። ዛሬ ዳንኩ።"

"አንቺስ ዳንሽ። እኔ ሐሙስ መድኃኒት አለኝ።"

"ሐሙስ እኔ ነኝ የምወስድዎ። እናቴ ትረፍ።"

"እናትሽ አትሰማሽም።"

"አውቃለሁ" አለች።

ሐሙስ ሦስታችንም ሄድን።